የሂሳብ ባለሙያ መቅጠር ወይስ በሰው ሠራሽ አስተውሎት መሥራት?

በጎንደር ቅዳሜ ገበያና አራዳ ያለ ነጋዴ የሂሳብ መዝገቡን ለባለሙያ ይስጥ ወይስ በሰው ሠራሽ አስተውሎት ለሚሠራ ፕሮግራም የሚለው ጥያቄ በጥንቃቄ ሊመዘን ይገባዋል።

ወጪ፦ ባለሙያ በየወሩ ደመወዝ ይከፈለዋል። የፕሮግራሙ ክፍያ አነስ ሊል ይችላል፤ በውጭ ምንዛሪ የሚከፈል ከሆነ ግን ለእኛ ነጋዴ ቀላል አይደለም።

ቅልጥፍና፦ ደረሰኝ በየዓይነቱ በመመደብና የባንክ ሂሳብን ከመዝገቡ ጋር በማስታረቅ ፕሮግራሙ ይፈጥናል፤ መብራትና ኢንተርኔት ሲቋረጥ ሥራው ይቆማል።

ስጋት፦ ከሁሉም የሚከብደው ይህ ነው። ፕሮግራሙ የተሳሳተውንም መልስ ፍጹም ትክክል አስመስሎ ሊያቀርብ ስለሚችል፣ የበጀት ዓመታችንን ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 አድርጎ መቁጠሩን፣ የተጨማሪ እሴት ታክሱን በ15 በመቶ ማስላቱን፣ በእጅ የተጻፈውን የአማርኛ ደረሰኝም በትክክል ማንበቡን ሰው ካላረጋገጠ፣ በግብር ሰብሳቢው ፊት የሚጠየቀው ነጋዴው ራሱ ነው። ባለሙያም ይሳሳታል፤ ነገር ግን የሠራውን ቀርቦ ያስረዳል። የደንበኞችን ምስጢር የት እንደሚቀመጥ ሳያውቁ አሳልፎ መስጠትም እጅግ ያሳስበኛል።

ደረሰኙ ለበዛና ሥራው ተደጋጋሚ ለሆነ ድርጅት፣ ባለሙያ እስከተቆጣጠረው ድረስ ፕሮግራሙ ይጠቅማል፤ ሰሊጥ ወደ ውጭ ለሚልክ፣ ብድር ለሚጠይቅ ወይም ኦዲት ለሚጠብቅ ግን ባለሙያው ይቀድማል።