«የታደሰ» የሆንግ ኮንግ ቫምፓየር ፊልም ከመግዛታችሁ በፊት ይህን አንብቡ

ወገን፣ 45 ዶላሬን ተበላሁ። እናንተም እንዳትበሉ ነው የምጽፈው።

እጃቸውን ወደፊት ዘርግተው እየዘለሉ የሚሄዱ፣ ግንባራቸው ላይ ቢጫ ወረቀት የሚለጠፍባቸው ሬሳዎች ያሉባቸውን የድሮ ፊልሞች የምትወዱ ልብ በሉ። እ.ኤ.አ. በ1985 «ሚስተር ቫምፓየር» ወጥቶ ገበያው ከደራ በኋላ፣ በትንሽ ገንዘብና በጥድፊያ የተሠሩ ብዙ ተመሳሳይ ፊልሞች ተከትለውታል። አብዛኞቹን ዛሬ የሚያስታውሳቸው የለም። እኔ ደግሞ የምፈልገው እነሱን ነው፤ ሻጮቹም ይህን ያውቃሉ።

ማስታወቂያው «ኦሪጅናል ካንቶኒዝ፣ ከነጋቲቩ የታደሰ፣ ሰፊ ስክሪን» ይላል። ካንቶኒዝ የሆንግ ኮንግ ሰዎች የሚናገሩት ቻይንኛ ነው፤ ነጋቲቭ ደግሞ ካሜራው የቀረጸበት የመጀመሪያው ፊልም። ሽፋኑ ላይ የ«ሚስተር ቫምፓየር» ዋና ተዋናይ ላም ቺንግ ዪንግ ቆሟል። ፊልሙ ውስጥ ግን ጭራሽ የለም!

ዲስኩን ገልበጥ ሳደርገው ጀርባው ወይን ጠጅ ነው። ፋብሪካ የሚያትመው ብርማ ነው፤ እንዲህ ያለው አብዛኛውን ጊዜ በኮምፒውተር የተቀዳ ነው። ይሁን ብዬ ከፈትኩት። ሴትዮዋ አፏን ስትከፍት በግራ ጆሮዬ ካንቶኒዝ፣ በቀኝ ጆሮዬ ማንዳሪን (ሌላው ቻይንኛ)፣ ሁለቱም እኩል ይጮኻሉ። ነገሩ የገባኝ ያኔ ነው። በ1990ዎቹ ሆንግ ኮንግ ውስጥ ፊልም በቪሲዲ (ከዲቪዲ በፊት የመጣ የፊልም ዲስክ) በብዛት ይሸጥ ነበር፤ ብዙዎቹ ቪሲዲዎች አንዱን ቋንቋ በግራ፣ ሌላውን በቀኝ ቻናል ይይዙና ተመልካቹ የሚፈልገውን ይመርጣል። ያንን ቪሲዲ እንዳለ ገልብጠው ነው «ታድሷል» ያሉት። የቪሲዲ ምስል 352 በ240 ወይም 352 በ288 ፒክስል ብቻ ስለሆነ በትልቅ ቴሌቪዥን ፊት እንኳ አይለይም። መሃል ላይ ደግሞ ድንገት ይጨልማል፤ አንድ ፊልም አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ቪሲዲ ስለሚወጣ፣ ሁለቱ ዲስኮች የተቀጠሉበት ቦታ ነው።

ከሁሉ ያናደደኝ ሰብታይትሉ ነው። የዚያ ዘመን የሆንግ ኮንግ ፊልሞች ቻይንኛውና እንግሊዝኛው ምስሉ ላይ ታትሞባቸው ነበር የሚወጡት። ሰፊው ምስል ለድሮ ቴሌቪዥን እንዲገጥም ግራና ቀኙ ሲቆረጥ ጽሑፉም አብሮ ተቆርጧል። መነኩሴው ተማሪዎቹን ሬሳው እንዳያገኛቸው ትንፋሻቸውን እንዲይዙ ሲነግራቸው፣ ከዓረፍተ ነገሩ የቀረው መሃሉ ብቻ ነው።

ገንዘቤን መልሱ ስል «የተከፈተ አንመልስም» አሉኝ። ሳልከፍተው በምን ልወቅ?

እባካችሁ፣ ከመክፈላችሁ በፊት የዲስኩን ጀርባ ፎቶ ጠይቁ። ሰው የሚያወራበት አንድ ደቂቃ ያህል አስልኩና በጆሮ ማዳመጫ ስሙት። እምቢ ካሉ ተዉት። ከንፈርና ድምፅ ባይገጥም ግን አትደንግጡ፤ ያኔ ድምፁ የሚገባው በኋላ ስቱዲዮ ውስጥ ስለነበር ኦሪጅናሉም እንደዚያው ነው።

እኔ ለባንኬ አመልክቻለሁ። መልስ ሲሰጡኝ እነግራችኋለሁ።