የቤተ መጻሕፍት ወይስ የቤተ መዛግብት ማስተርስ? ከመመዝገባችሁ በፊት

ሁለቱ ትምህርቶች ከውጭ ለሚያያቸው አንድ ይመስላሉ። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎችም በአንድ ትምህርት ክፍል ሥር ይሰጧቸዋል። ሥራው ላይ ስትቀመጡ ግን ነገሩ ሌላ ነው።

ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የሚገባ መጽሐፍ አብዛኛውን ጊዜ ቅጂው ሌላ ቦታም አለ። ርዕሱ፣ ደራሲውና የታተመበት ዓመት ላዩ ላይ ተጽፏል። ብዙ ጊዜ ሌላ ቤተ መጻሕፍት ቀድሞ ካታሎግ አድርጎታል፤ የተሠራውን ወስዶ ማረም ነው የሚቀረው። ከዚያ በሚያወራው ጉዳይ ይመደባል። ሜልቪል ዲዊ በ1876 እ.ኤ.አ. ያወጣው የአስርዮሽ አመዳደብ ዛሬም በብዙ ቦታ ይሠራበታል። ካታሎግ ግን የሥራው አንድ ክፍል ብቻ ነው። አብዛኛው ቀን ከሰው ጋር ነው የሚያልፈው፦ ተማሪን ማስጠናት፣ የጠፋ መረጃ ማፈላለግ፣ ኮምፒውተር ለከበደው ሰው ማሳየት።

የቤተ መዛግብት ባለሙያ ፊት የሚቀርበው ደግሞ ካርቶን ነው። የአንድ ማኅበር የሃያ ዓመት ደብዳቤ፣ ደረሰኝ፣ ቃለ ጉባኤ፣ ማን እንደሆኑ ያልተጻፈባቸው ሰዎች ፎቶ። ርዕስ የለውም፤ ሌላ ቅጂም የለውም። የዛጉ ስፒሎችን ቀስ ብላችሁ ታወጣላችሁ፤ ወረቀቱን አሲድ የሌለበት ፎልደር ውስጥ ታስገባላችሁ። ከዚያ ሁሉ በፊት ግን ወረቀቶቹ በምን ቅደም ተከተል እንደተቀመጡ ማየት አለባችሁ። ደብዳቤው ከደረሰኙ ጋር የተያያዘው ክፍያው ለምን እንደተፈጸመ ስለሚያስረዳ ሊሆን ይችላል። ለያይታችሁ በየርዕሱ ከመደባችኋቸው ማስረጃው አለቀለት። ስለዚህ የአንዱን ባለቤት መዝገብ ከሌላው አለመቀላቀል የሙያው መሠረት ነው። ፈረንሳይ ይህን በ1841 እ.ኤ.አ. በመንግሥት መመሪያ አስቀመጠችው። በ1898 እ.ኤ.አ. ደግሞ ሦስት የኔዘርላንድ ባለሙያዎች የነበረውን ቅደም ተከተል ከመጠበቅ ጋር አያይዘው በዝርዝር ጻፉት።

ለእኔ ትልቁ ልዩነት የማስወገድ ውሳኔ ነው። ቤተ መጻሕፍት ያረጀ መጽሐፍ ቢያስወግድ ሌላ ቅጂ የመገኘት ዕድሉ ሰፊ ነው። ቤተ መዛግብት ያስወገደው ወረቀት ግን በቃ፣ የለም። እንግሊዛዊው ሂላሪ ጄንኪንሰን የሚቀረውንና የሚጣለውን መምረጥ የመዝገብ ጠባቂው ሥራ አይደለም ይል ነበር። አሜሪካዊው ቴዎዶር ሼለንበርግ ደግሞ የመንግሥት ወረቀት እንዲህ በበዛበት ዘመን ባለሙያው መምረጥ ግዴታው ነው አለ። ክርክሩ ዛሬም ክፍል ውስጥ ትኩስ ነው። እንዲህ ያለው ጥያቄ እንቅልፍ የሚነሳችሁ ከሆነ ቦታችሁ ቤተ መዛግብት ነው ብዬ አምናለሁ።

ኮርሶቹም ይህንኑ ይከተላሉ። በአንዱ በኩል ካታሎግ፣ የማጣቀሻ አገልግሎት፣ የስብስብ ግንባታ፣ የተጠቃሚ ጥናት ይበዛል። በሌላው በኩል ምዘና (የሚቀረውንና የሚጣለውን መለየት)፣ የመዛግብት አደረጃጀትና ገለጻ፣ የሪከርድ አስተዳደር፣ የግላዊነትና የቅጂ መብት ሕግ። ሜታዳታ (ስለ ሰነዱ የሚገልጽ መረጃ) እና የዲጂታል ሰነድ ጥበቃ ለሁለቱም ያስፈልጋሉ፤ ፕሮግራሙ እነዚህን በምርጫ ብቻ የሚሰጥ ከሆነ ራሳችሁ መርጣችሁ ውሰዷቸው።

ዲግሪውስ? አሜሪካና ካናዳ ለመሥራት ካሰባችሁ፣ ብዙ የቤተ መጻሕፍት ቀጣሪዎች የአሜሪካ ቤተ መጻሕፍት ማኅበር እውቅና የሰጠው ማስተርስ ይጠይቃሉ። እዚያ ብዙ የቤተ መዛግብት ክፍት ቦታዎችም ይህንኑ ዲግሪ ይቀበላሉ። እንግሊዝ ውስጥ ግን ለሁለቱ ሙያዎች እውቅና የሚሰጡት ማኅበራት የተለያዩ ናቸው። ስለዚህ መጀመሪያ መሥራት የምትፈልጉበትን አገር ወስኑ፤ ከዚያ የሥራ ማስታወቂያዎቹን አንብቡ፤ ትምህርት ቤት መምረጥ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

እውነቱን ለመናገር የቤተ መጻሕፍት ዲግሪ በር ይከፍታል። ትምህርት ቤትም፣ ሆስፒታልም፣ የሕግ ቢሮም ያስገባል። የቤተ መዛግብት ሥራ በቁጥር ያነሰ ነው፤ ብዙው ጀማሪ ቦታ ደግሞ በፕሮጀክት ገንዘብ የሚከፈል የአጭር ጊዜ ኮንትራት ነው። ይህን የሚያካክሰው የሪከርድ አስተዳደር ነው። ባንክም መሥሪያ ቤትም የትኛው ፋይል እስከ መቼ እንደሚቆይ የሚወስንለት ሰው ይፈልጋል። ተማሪዎች ይህን ኮርስ ደረቅ ነው ብለው ይዘሉታል፤ እኔ ግን እንዳትዘሉት አጥብቄ እመክራለሁ።

መወሰን ካልቻላችሁ የቤተ መጻሕፍት ማስተርስ ውስጥ የቤተ መዛግብት ዘርፍ መያዝ ጥሩ መሃል መንገድ ነው። ጥሩ የሚሆነው ግን ዘርፉ ከስም ያለፈ ሲሆን ነው። አንዳንዱ ፕሮግራም ብሮሸሩ ላይ ብዙ ኮርስ ደርድሮ በየዓመቱ የሚከፍተው ጥቂቱን ነው። ያለፉትን ሁለት ዓመታት የኮርስ ፕሮግራም አስልኩና እዩ። አስተማሪው ቤተ መዛግብት ውስጥ ሠርቶ ያውቃል? ልምምዱ ግዴታ ነው ወይስ በምርጫ? ስንት ሰዓት ነው? ይከፈልበታል? ተለማማጁ አንድ ስብስብ ከካርቶን አውጥቶ መግለጫውን ጽፎ ይጨርሳል ወይስ ስካን ብቻ ያደርጋል?

በርቀት መማርን በተመለከተ፣ ለቤተ መጻሕፍቱ ዘርፍ ብዙም አልሰጋም። ለቤተ መዛግብት ግን እጅ ወረቀት መንካት አለበት፤ የምትኖሩበት ከተማ ውስጥ ልምምድ የሚሰጣችሁ ተቋም ሳታገኙ አትመዝገቡ። ሁለቱንም ዲግሪ አጣምሮ የሚሰጥ ትምህርት ቤትም አለ፤ ካናዳ ያለው የብሪቲሽ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ አንዱ ነው። ከአንዱ ዲግሪ ረዘም ያለ ጊዜና ተጨማሪ ክፍያ ይጠይቃል። ብርቅ መጻሕፍትና መዛግብት በአንድ ጣሪያ ሥር በሚቀመጡበት የልዩ ስብስብ ክፍል ለመሥራት ከቆረጣችሁ ያዋጣል፤ ካልሆነ አንዱን ይዛችሁ ትርፉን ጊዜ ልምምድ ላይ አውሉት።