«ገመዱን አስቀምጪው ልጄ»፦ ለአንድ የመኪና ኤሌክትሪሺያን ምስጋና

ይህን የምጽፈው ለማመስገን ነው። ጥቆማም ነው። ሥራውን የሚያውቅ፣ የማይዋሽ፣ ጠይቃችሁት የማይሰለች የመኪና ኤሌክትሪሺያን ለምትፈልጉ ሁሉ።

ባለፈው ሳምንት አንድ ማታ መኪናዬ አልነሳም አለች። ቁልፉን ሳዞረው «ጠቅ ጠቅ ጠቅ» ብቻ። የዳሽቦርዱ መብራት ፈዘዘና ጠፋ። የኋላው በር በደንብ ሳይዘጋ ቀርቶ የውስጡ መብራት ቀኑን ሙሉ ሲበራ ውሏል። እናቴ አብራኝ ነበረች፣ ደክሟታል። በጣም ቸኩዬ ነበር።

አንድ መልካም ሰው መኪናውን አቁሞ ሊረዳን መጣ። ከባትሪ ወደ ባትሪ ኃይል የሚያስተላልፍ ገመድም ነበረው። ገመዱ ግን አርጅቶ ቀይና ጥቁሩ አይለይም። «ይሄኛው ሳይሆን አይቀርም» ተባባልን። ቀደም ብዬ ለኤሌክትሪሺያኑ ደውዬ ስለነበር በዚያው ሰዓት መልሰው ደወሉልኝ። ምን እያደረግን እንደሆነ ነገርኳቸው። «ገመዱን አስቀምጪው ልጄ። ሁለታችሁም ከባትሪው ራቅ በሉ። እየመጣሁ ነው» አሉኝ። ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ አልነበረም። እኔ ግን ወዲያው አስቀመጥኩት።

ሲደርሱ መጀመሪያ ያደረጉት ነገር ገረመኝ። ገመድ አላወጡም። ኮፈኑን ከፍተው በእጅ መብራት የባትሪውን ዙሪያ አዩ። ያበጠ፣ የተሰነጠቀ ወይም አሲድ የሚያፈስ ባትሪ በገመድ ለማስነሳት አይሞከርም አሉ። በረዶ የሠራ ባትሪም እንደዚያው። እንዲህ ያለው ሊፈነዳ ይችላል። የኔው ደህና ነበር። ከዚያ በቴስተር (በቮልት መለኪያ) ለኩት፤ 11.6 ቮልት። ሙሉ የሆነ ባትሪ ሞተር ጠፍቶ ካረፈ በኋላ 12.6 አካባቢ ያሳያል። 12 ላይ ሲወርድ ባዶ ሊሆን ተቃርቧል ማለት ነው። «ቁጥሩ ትንሽ ልዩነት ይመስላል፣ ግን ትልቅ ነው» አሉኝ።

ቀጥለው የረዳንን ሰው መኪናው 12 ቮልት መሆኑን ጠየቁት። ከባድ መኪኖች ብዙዎቹ 24 ቮልት ናቸው፤ የእነሱን ኃይል ወደ ትንሽ መኪና መስጠት ኤሌክትሮኒክሱን ያቃጥላል። ሁለቱም መኪኖች እንዳይነካኩ ራቅ አደረጓቸው። ሞተሮቹ ጠፉ፣ መብራትና ራዲዮ ጠፋ። ቀለበቴንም አስወለቁኝ። ቀለበት ወይም የብረት ሰዓት በባትሪው ፖዘቲቭ (የመደመር፣ +) ጫፍና በሌላ ብረት መሀል ከገባ በቅጽበት ይግላል፣ ጣት ያቃጥላል።

አሁን ወደ ገመዱ። የራሳቸው ገመድ ወፍራም ነው። ቀጭን ገመድ ይግላል፣ ኃይልም አያደርስም። መደመሩና መቀነሱ የገመዱ ቀለም ላይ ሳይሆን ባትሪው ላይ የተጻፈው ነው የሚታመነው አሉኝ። መጀመሪያ ቀዩን በሞተው ባትሪ ፖዘቲቭ ላይ። ሌላውን ጫፍ በደህናው ባትሪ ፖዘቲቭ ላይ። ከዚያ ጥቁሩን በደህናው ነጌቲቭ (የመቀነስ፣ −) ጫፍ ላይ። የመጨረሻውን ጥቁር በሞተው ባትሪ ላይ ያደርጉታል ብዬ ስጠብቅ ዘወር አሉና ከባትሪው ራቅ ያለ፣ ቀለም ያልተቀባ የሞተሩ ብረት ላይ አሰሩት።

ለምን አልኳቸው። ቆም ብለው አስረዱኝ፤ ይህን ክፍል ሁላችሁም እንድታነቡት እፈልጋለሁ። ባትሪ ኃይል ሲሞላ ሃይድሮጅን ጋዝ ያወጣል። ጋዙ አይታይም፣ አይሸትም። አየር ውስጥ 4 በመቶ ያህል ሲደርስ አንዲት ብልጭታ ትበቃዋለች። መጨረሻ የሚታሰረው ገመድ ደግሞ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ብልጭ ይላል። ስለዚህ ብልጭታው ባትሪው አናት ላይ መሆን የለበትም። የፈነዳ ባትሪ ፕላስቲክና አሲድ ፊት ላይ ይረጫል። አሲዱ ዓይን ከገባ በብዙ ንጹህ ውሃ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ ያለማቋረጥ ማጠብ፣ ከዚያ ሐኪም ጋ መሮጥ። ለዚህ ብለው መነጽር ያደርጋሉ፣ ለእኔም ትርፍ ነበራቸው።

የደህናው መኪና ሞተር ተነስቶ ጥቂት ደቂቃ ሠራ። ከዚያ «አሁን ሞክሪ፣ ቁልፉን ከ5 ሰከንድ በላይ አትያዢው፣ ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖ ይግላል» አሉኝ። በሁለተኛው ሙከራ ተነሳች። እናቴ አመሰገነቻቸው፤ እሳቸው ግን ገና አልጨረሱም ነበር። ገመዶቹን በታሰሩበት ተቃራኒ ቅደም ተከተል አንድ በአንድ ፈቱ፤ መጀመሪያ ከሞተሩ ብረት ላይ ያለውን ጥቁር። የሚፈቱት ጫፎች እርስ በርስ እንዳይነካኩ በጥንቃቄ ያዙ።

ከዚያ ሞተሩ እየሠራ እንደገና ለኩ፤ 14.2። ዲናሞው፣ ማለትም ሞተሩ ሲሠራ ኃይል የሚያመነጨው ክፍል፣ ባትሪውን ይሞላል ማለት ነው። ይህን ሲያደርጉ አንድ የቆየ ነገር ትዝ አለኝ። ከዓመት በፊት አንድ ጋራዥ ዲናሞውን ለመፈተሽ ብለው ሞተሩ እየሠራ የባትሪውን ገመድ ነቅለውት ነበር። ያኔ ራዲዮዬ ሞተ፣ ማንም ምክንያቱን አልነገረኝም። ነገርኳቸው፤ ራሳቸውን ነቀነቁ። ባትሪው ሲነቀል ቮልቴጁ ድንገት ይዘላል፣ የመኪናውን ኮምፒውተር ጭምር ሊያበላሽ ይችላል አሉኝ። ባትሪ አውጥቶ በሌላ ባትሪ አስነስቶ ሞተሩ እየሠራ መልሶ መቀየርም ከዚሁ የሚቆጠር ነው። ፖዘቲቭና ነጌቲቭ ማገላበጥ ደግሞ ዋናውን ፊውዝ፣ የዲናሞውን ዳዮዶች አንዳንዴም ኮምፒውተሩን ይወስዳል። እኛ ልናደርገው የነበረው ያንን ነው።

ገፍቶ ማስነሳትንም ጠየቅኳቸው። በእጅ ማርሽ ይሆናል፣ አውቶማቲክ ግን በግፊት አይነሳም። ሃይብሪድ (በነዳጅም በኤሌክትሪክም የሚሄድ) ከሆነ የመኪናውን መመሪያ ሳያነቡ ምንም እንዳይነካ አስጠነቀቁኝ።

በጣም ያስደሰተኝ መጨረሻው ነው። አዲስ ባትሪ ሊሸጡልኝ ይችሉ ነበር፤ እኔም ለመግዛት ዝግጁ ነበርኩ። «ዛሬ መግዛት የለብሽም» አሉኝ። ዲናሞ የተሰራው ባትሪን ደህና አድርጎ ለማቆየት ነው፣ ጨርሶ የወረደን ባትሪ ከባዶ ለመሙላት አይደለም። ግማሽ ሰዓት ነድቶ ሞላልኝ ማለት አይቻልም። ስለዚህ በቻርጀር ቀስ ብሎ ሌሊቱን እንዲሞላ አደረጉ። ጠዋት ሞተር ሲነሳ ቮልቴጁ ምን ያህል እንደሚወርድ ለኩ፤ ከ10 በታች አልወረደም። «ባትሪሽ ደህና ነው። በሩን ብቻ አስተካክዪ» ብለው የበሩን መዝጊያ ራሳቸው አጠበቁልኝ።

ጋሼ፣ ይህን ካነበቡት ከልቤ አመሰግናለሁ። እናቴም እግዚአብሔር ይስጥልኝ ብላለች።

ስማቸውንና ስልካቸውን እዚህ አልጽፍም፤ አደባባይ ላይ እንዲወጣ አልፈለጉም። የሚያስፈልጋችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አስፈቅጄ እሰጣችኋለሁ። ስትደውሉላቸው የመኪናውን ዓይነት፣ ባትሪው ስንት ዓመት እንደሆነውና ቁልፉን ስታዞሩ ምን ድምፅ እንደሚሰማ ንገሯቸው። መጀመሪያ የሚጠይቁት ይህንን ነው።