ባለ 4 ሚሊ ሜትር የሱፐርኮንዳክተር ጥብጣብ፦ ማግኔት ሲጠጋው ስንት አምፔር ይችላል?

ላቦራቶሪ ውስጥ ኮይል የምጠመጥም ቴክኒሻን ነኝ። ለዚሁ ሥራ የገዛነውን ሬብኮ የተባለ የሱፐርኮንዳክተር (በጣም ሲቀዘቅዝ ከረንትን ያለ ተቃውሞ የሚያሳልፍ ቁስ) ጥብጣብ ከአምስት አራት ኮከብ ሰጥቼዋለሁ።

አሠራሩ ይመሰገናል። የመዳብ ልባሱ ከዳር እስከ ዳር እኩል ነው፣ የትም አልተላጠም። ከረንቱን የሚሸከመው ሽፋን ከ1 እስከ 2 ማይክሮ ሜትር ቢሆን ነው፤ ሌላው ሃስተሎይ የተባለ የኒኬል ቅይጥ፣ ብርና መዳብ ነው። 77 ኬልቪን ላይ፣ ፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ ነክረን ከረንቱን ቀስ በቀስ ስንጨምር፣ 100 አምፔር አልፎም ቮልት መለኪያው ንቅንቅ አላለም። ያን ያህል ከረንት በዚያ ስስ ነገር ሲያልፍ ማየት ዛሬም ያስደንቀኛል። ከጥብጣቡ ጋር በመጣው ወረቀት ላይ የተጻፈው አቅም 120 አምፔር ሲሆን፣ አቅሙ ማለቁን የሚያሳየው በሴንቲ ሜትር 1 ማይክሮ ቮልት የታየውም እዚያው አካባቢ ነው።

ቅሬታዬ ይህ ቁጥር ብቻውን መጻፉ ላይ ነው። የተለካው አጠገቡ ማግኔት በሌለበት ነው፤ ገዢው ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚፈልገው ማግኔት ሊሠራበት ነው። ተራ ኒዮዲሚየም ማግኔት አምጥተን መግነጢሳዊ መስኩ የጥብጣቡን ገጽ ቀጥ ብሎ እንዲወጋው ስናደርግ አቅሙ ከግማሽ በታች ወረደ። መስኩን ከገጹ ጋር ትይዩ ስናደርገው ጉዳቱ በጣም ቀነሰ።

ምክንያቱ ይታወቃል። መስኩ ወደ ሽፋኑ የሚዘልቀው በጥቃቅን አዙሪቶች መልክ ነው፤ ከረንቱ ደግሞ ወደ ጎን ይገፋቸዋል። ባሉበት ተቸክለው ከቆዩ ምንም ችግር የለም። መንሸራተት ሲጀምሩ ግን ቮልቴጅ ይፈጠራል፣ ሙቀት ይከተላል። አንዳንድ አምራቾች አዙሪቶቹን ለመያዝ የባሪየም ዚርኮኔት ቅንጣት ይጨምሩበታል፤ የእኛ ይኑረው አይኑረው ወረቀቱ አይናገርም። ጥብጣቡ ስስ በመሆኑ የራሱ ከረንት የሚፈጥረው መስክም ጠርዙ ላይ ይበረታል። አዙሪቶቹ መግባት የሚጀምሩት ከዚያ ስለሆነ ጠርዙን ጭረት እንዳያገኘው አደራ።

የኔዘርላንዱ የፊዚክስ ሊቅ ካመርሊንግ ኦነስ ሱፐርኮንዳክቲቪቲን በ1911 ላይደን ላይ ካገኘ በኋላ ከእርሳስ ኮይል ለመሥራት ሲሞክር ያጋጠመውም የመስክ ጉዳት ነው፦ ከ0.1 ቴስላ ያነሰ መስክ ባሕርዩን አጠፋበት። ከመቶ ዓመት በላይ የታወቀ ነገር ወረቀቱ ላይ መቅረቱ ያሳዝናል።

ሻጩን ስንጠይቅ በመስኩ ጥንካሬና በማዕዘን የተዘረዘረ ሰንጠረዥ ላከልን፤ ከአራት ያላወረድኩትም ለዚህ ነው። ከመክፈላችሁ በፊት ይህን ሰንጠረዥ በምትሠሩበት ሙቀት አስልኩ። የከረንት ምንጩም ቮልቴጅ ገና ብቅ ሲል ራሱን እንዲያጠፋ አድርጉት። በእነዚህ ጥብጣቦች ላይ የጋለው ቦታ ቶሎ አይስፋፋም፤ ሙቀቱ እዚያው ተከማችቶ ጥብጣቡን ያቃጥለዋል።