ስክሪኑ የሚነሳለት ድምፅ

በእስራኤል ቴሌቪዥን ቻናል 12 ላይ የሚተላለፍ የዘፈን ውድድር አለ። «ሀኮሃቭ ሀባ» ይባላል፤ ቀጣዩ ኮከብ ማለት ነው። ከ2013 ጀምሮ አለ። አዲስ አበባ ወይም ዋሽንግተን ያለ አንባቢ ፕሮግራሙን ባያውቀው እንኳ ትውልደ ኢትዮጵያዊቷን ዘፋኝ ኤደን አለነን ያውቃታል። በ2020 ያሸነፈችው እዚህ ነው። ኔታ ባርዚላይም በ2018 ሊዝበን ሄዳ የአውሮፓን የዘፈን ውድድር ዩሮቪዥንን ከማሸነፏ በፊት ያለፈችው በዚሁ በር ነው።

እኔ የምኖረው ቂርያት ጋት ነው። ፕሮግራሙን ከእናቴ ጋር ሆኜ ነው የማየው። እናቴ የጎንደር ሰው ናት። ዕብራይስጥ ትሰማለች፣ ማንበብ ግን አትችልም። ስለ ዘፈን ያላት ጆሮ ደግሞ ከቤታችን ሁሉ ይበልጣል። አስተያየቴን ከመጀመሪያው ልናገር፦ አዲስ ዘፋኝ ለማግኘት ከዚህ የተሻለ ፕሮግራም እዚህ አገር አላየሁም። ዘፋኝን ለመመዘን ግን በጣም ይቸኩላል። ይህን የምለው የራሳችን ልጅ ያሸነፈችበት ፕሮግራም እንደሆነ እያወቅኩ ነው።

አሠራሩን ለማያውቅ ላስረዳ። ዘፋኙ ከትልቅ ስክሪን ጀርባ ይቆማል። እሱ ሕዝቡን አያይም፣ በስቱዲዮ ያለው ሕዝብም እሱን አያይም። ሙዚቃው ሲጀምር ቤት ያለው ተመልካች በስልኩ አፕ ይመርጣል። ጣቱን ወደ አንዱ ጎን ካንሸራተተ ደገፈ፣ ወደ ሌላው ካንሸራተተ አልደገፈም። የደጋፊዎቹ ፎቶ ስክሪኑ ላይ ይደረደራል። መቶኛው እዚያው በዓይን እያየነው ይወጣል። ዳኞችም ሲደግፉ የየራሳቸውን መቶኛ ይጨምሩበታል። ዘፈኑ ሳያልቅ 70 በመቶ ከደረሰ ስክሪኑ ይነሳና ዘፋኙ ከሕዝቡ ጋር ይተያያል። ካልደረሰ ዘፈኑን ለስክሪኑ ዘፍኖ ይወርዳል።

ስክሪኑ ሲነሳ ያለው ስሜት እውነተኛ ነው። ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ፣ እስከ ዛሬም ይነካኛል። ዘፋኙ መሃል ቃል ላይ ድምፁ ይሰበራል፣ ከዚያ ራሱን ሰብስቦ ይቀጥላል። እናት በመድረኩ ጎን ትጮኻለች። ይህን የፈጠረ ሰው ቴሌቪዥን ያውቃል።

አሁን ወደ ቅሬታዬ ልምጣ። በዚህ አሠራር የሚያልፈው ቶሎ የሚፈነዳ ድምፅ ነው። ዘፋኙ ያለው አንድ ዘፈን ነው፣ እሱም ለቴሌቪዥን ያጠረ። ተመልካቹ ጣቱን ስልኩ ላይ አድርጎ ይጠብቃል። መግቢያው ረጋ ካለ መቶኛው አይንቀሳቀስም። መቶኛው ካልተንቀሳቀሰ ደግሞ የሚሰማው ሰው «ሌላው ያልወደደው እኔ ምን ብዬ እደግፋለሁ?» ይላል። ይህን ከእናቴ ጋር ስንቀመጥ በዓይኔ አይቻለሁ። የወንድሜ ልጆች ጥሩ ድምፅ እየሰሙ «አያልፍም» ይሉና ስልኩን ያስቀምጣሉ። ጆሯቸው ወድዶት ዓይናቸው ቁጥሩን አየ።

ስለዚህ ተወዳዳሪዎቹም ተማሩ። አብዛኛው የሚመርጠው ከፍ ያለ ድምፅ ቶሎ የሚመጣበትን ዘፈን ነው። የመጀመሪያውን ስንኝ በሹክሹክታ ያልፈውና አዝማቹ ላይ ይለቀዋል። ከዚያ ስክሪኑ ይነሳል። እናቴ ለዚህ ዓይነቱ አንድ ቃል አላት፦ «ጮኸ እንጂ አልዘፈነም።»

እኛ ያደግንበትን ሙዚቃ አስቡት። ትዝታ በችኮላ አይዘፈንም። ማሲንቆው ቀድሞ ይገባል፣ ዘፋኙ ያንጎራጉራል፣ ድምፁን ያሽከረክራል። ሰሚው ልቡ እስኪለሰልስ ይጠብቃል። ትዝታ የሚዘፍን ሰው ከዚያ ስክሪን ጀርባ ቢቆም 70 በመቶ ሳይሞላለት ዘፈኑ ያልቃል። የየመንና የሞሮኮ አይሁዶች የአባቶች ዜማም እንዲሁ ነው፣ ቀስ ብሎ ነው የሚከፈተው። ሕዝቡ ከየአገሩ ይዞት የመጣው ዜማ ሰፊ ነው፣ የውድድሩ በር ግን ለአንድ ዓይነት አዘፋፈን ብቻ ነው የሚሰፋው። ይህ ያሳዝነኛል።

ከዚህ በፊት የነበረው የዘፈን ውድድር «ኮሃቭ ኖላድ» በዚህ በኩል ይሻል ነበር። ከ2003 እስከ 2012 የተላለፈው ማለቴ ነው። የመጀመሪያዋ አሸናፊ ኒኔት ጣዬብ የዚህችው የቂርያት ጋት ልጅ ናት። እዚያ ተመልካቹ መጀመሪያ ዘፈኑን ይሰማል፣ ከዚያ መልእክት ይልካል። ለማሰብ ጊዜ ነበረው። በ2011 ያሸነፈችው ሐጊት ያሶ ከስዴሮት የመጣች የኢትዮጵያውያን ልጅ ናት። ድምፅዋ ለስላሳ ነው፣ አይጮኽም። የዛሬው ስክሪን ቢገጥማት ኖሮ ታልፍ ነበር ወይ ብዬ ብዙ ጊዜ አስባለሁ። የአዲስ አበባ አንባቢ ዳዊት ጽጌ ያሸነፈበትን ባላገሩ አይዶልን ያስታውስ። እዚያም ዘፈኑ ካለቀ በኋላ ነው ወሬው የሚጀመረው።

ሌላው ችግር ከዘፈኑ በፊት የሚመጣው ፊልም ነው። ተወዳዳሪው ገና ሳይዘፍን የሕይወት ታሪኩ ይቀርባል። አባት የሞተበት፣ የታመመ፣ በትምህርት ቤት የተሰደበ። ታሪኩ እውነት ሊሆን ይችላል፣ እኔም አለቅሳለሁ። ግን ለመምረጥ ስልኬን የያዝኩት ለድምፁ ነው። ፊልሙን ከዘፈኑ በኋላ ቢያሳዩት ምን ይጎድላል?

የእኛ ልጅ ስትቀርብ ደግሞ ይህ ነገር እጥፍ ይሆናል። ኤደን የተወዳደረችበት ጊዜ ከባድ ነበር። በ2019 ሰኔ መጨረሻ ትውልደ ኢትዮጵያዊው ወጣት ሰለሞን ተካ በፖሊስ ጥይት ተገደለ። ልጆቻችን መንገድ ላይ ወጡ፣ አገር ተናወጠ። ውድድሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። እሷ በ2020 የካቲት 4 ቀን ስታሸንፍ ቤታችን እልል ተባለ። በማግስቱ ሥራ ቦታ ሻይ ስንጠጣ አንዲት የሥራ ባልደረባዬ እንዲህ አለችኝ፦ «ጥሩ ነው፣ እናንተን ለማጽናናት ሰጧት።» በክፋት አልነበረም። እንዲያውም ደስ የሚለኝ መስሏት ነበር።

እኔ ግን በጣም ተናደድኩ፣ አሁንም ሳስበው እናደዳለሁ። ኤደን ኤክስ ፋክተር እስራኤልን ያሸነፈችው በ2018 ጥር ነው፣ ገና በ17 ዓመቷ። ያኔ ሰለሞን ተካ በሕይወት ነበረ። ማንም የሚያጽናናው ሰው አልነበረም። ሁለት የተለያዩ ውድድሮች፣ ሁለት የተለያዩ ተመልካቾች፣ ሁለት የተለያዩ አሠራሮች፣ አንድ ድምፅ። ይህን ለባልደረባዬ ነገርኳት። ዝም ብላ ሰማችኝና «ኤክስ ፋክተርን አላየሁትም ነበር» አለች። ብዙ ሰው እንደዚህ ነው። ያላየውን ትቶ ባየው ላይ ታሪክ ይሠራል።

ስለ ድምፅዋ ልናገር፣ ምክንያቱም ስለሱ የሚጽፍ ሰው ጥቂት ነው። መጀመሪያ የሚሰማኝ ትንፋሿ ነው። ረጅም ሐረግ ትይዛለች፣ መጨረሻው ላይ አይላላባትም። ለብዙ ዓመታት ባሌት ስለተማረች ይመስለኛል፣ ሰውነቷ ሲንቀሳቀስ ድምፁ አይናወጥም። ከታች ያለው ድምፅዋ ወፍራም ነው። ከዚያ ወደ ላይ ስትሻገር መሃሉ ላይ ስፌት አይታይም። ብዙ ተወዳዳሪ እዚያ መሻገሪያ ላይ ይሰበራል። እናቴ ይህን ሁሉ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጨረሰችው፦ «ይቺ ልጅ ድምፅዋን አትለምነውም፣ ታዘዋለች።»

እውነቱን ለመናገር ስክሪኑ ለእሷ ይመቻት ነበር። ገና ከመጀመሪያው ስንኝ ኃይል አላት። በዚህ አሠራር የሚፈለገው እሱ ነው። ስለዚህ አሠራሩን ስነቅፍ እሷ አልተገባትም ማለቴ አይደለም። እሷ በየትኛውም አሠራር ታልፋለች። የሚቆጨኝ ስክሪኑ ሳይነሳላቸው የወረዱት ናቸው።

ወገኖቼንም አንድ ነገር ልበላቸው። «ልጃችን ናት» ብሎ መምረጥ ፍቅር ነው፣ አልነቅፈውም። እኔም መርጫለሁ፣ የእናቴን ስልክ፣ የእህቴን ስልክ፣ ሁሉንም አዘጋጅቼ። ግን ከእሷ ጋር ለመጨረሻ ዙር የደረሱትን መስደብ ምን ይባላል? ኤላ ሊ ላሃቭ ሁለተኛ ወጣች፣ ጎበዝ ዘፋኝ ናት። ስለ እሷ በአማርኛ የተጻፈውን አንዳንድ ነገር ሳነብ አፈርኩ። የእኛ ልጅ በድምፅዋ ነው ያሸነፈችው የምንል ከሆነ የሌላውንም ድምፅ መስማት አለብን። አለበለዚያ የባልደረባዬን ወሬ እኛው ራሳችን እውነት እናደርገዋለን።

ከድሉ በኋላ የሆነው ደግሞ የተመልካችን ምርጫ ሌላ ገጽ ያሳያል። እስራኤልን ወክላ ልትሄድበት ለነበረው ለ2020 ዩሮቪዥን የተመረጠላት ዘፈን «ፍቅር ልቤ» ነው። እንግሊዝኛ፣ ዕብራይስጥ፣ ዓረብኛ እና አማርኛ አለበት። እናቴ ከቴሌቪዥኑ አማርኛ ሲዘፈን ስትሰማ ከወንበሯ ተነሳች። ያ ዘፈን ከበሮ አለው፣ ትከሻ አለው። ግን ሮተርዳም ሊደረግ የነበረው ውድድር በኮሮና ምክንያት በመጋቢት ተሰረዘ። ዘፈኑ ያንን መድረክ ሳያይ ቀረ።

ለ2021 እሷ እንድትቀጥል ተደረገ፣ ይህ ትክክል ነበር። ዘፈኑ ግን በሕዝብ ምርጫ «ሴት ሚ ፍሪ» ሆነ። እዚህ ላይ ነው ቁጭቴ። ያ ዘፈን መጥፎ አይደለም፣ ግን ማንም ሊዘፍነው ይችላል። የእሷ የሆነው መጨረሻ ላይ ያለው እንደ ፉጨት የቀጠነ ከፍተኛ ኖታ ብቻ ነው። በዩሮቪዥን መድረክ ከተሰሙት ሁሉ ከፍተኛው ተብሎ ተነግሮለታል። አስደናቂ ነው፣ ሳየው ጮኼያለሁ። ግን አስቡት፦ ይህ ደግሞ ያው የስክሪኑ ትምህርት ነው። ዘፈኑ ሙሉ ነገር እንዲናገር ከማድረግ ይልቅ አንድ የሚያስደነግጥ ቅጽበት ፈለግን።

ውጤቱን እዩት። በግማሽ ፍጻሜው አለፈች፣ በፍጻሜው 17ኛ ወጣች። በድምሩ 93 ነጥብ ነው። ከዚህ ውስጥ 73ቱ ከየአገሩ ባለሙያ ዳኞች የመጣ ነው። ተመልካቹ የሰጣት 20 ብቻ። ብዙ ወገኖቼ ይህን በፖለቲካ ብቻ ያብራሩታል። ውድድሩ የተደረገበት ወር ጦርነት የነበረበት ወር ነው፣ እሱም ድርሻ ይኖረዋል። እኔ ግን ዘፈኑንም እጠይቃለሁ። ባለሙያዎቹ ድምፁን ለይተው ሰሙት፣ ሥራቸው እሱ ነውና። ሶፋ ላይ ያለው ተመልካች የሚሰማው ዘፈኑን ነው፣ ዘፈኑ ደግሞ እሷን አላሳየም። «ፍቅር ልቤ» ያንን መድረክ ቢያይ ሌላ ነገር እናይ ነበር ብዬ አምናለሁ።

እና ፕሮግራሙን ልመክር? አዎ፣ እመክራለሁ። ከቤተሰብ ጋር ለማየት የሚመች ነው። ስድብ የለበትም። አቅራቢዎቹ አሲ አዛር እና ሮተም ሴላ ተወዳዳሪ ሲወድቅ እንኳ አክብረው ነው የሚሸኙት። ሁሉም ሰው፣ ከሕፃን እስከ ሽማግሌ፣ አስተያየት አለው። ቤታችን ውስጥ እናቴና የልጅ ልጆቿ እኩል ሆነው የሚከራከሩበት ሌላ ፕሮግራም የለም። እሷ በአማርኛ ትናገራለች፣ እነሱ በዕብራይስጥ ይመልሳሉ፣ ሁለቱም ስለ አንድ ድምፅ ነው።

ቢያሻሽሉት የምፈልገው ሁለት ነገር ነው። መቶኛውን ዘፈኑ እስኪጋመስ ድረስ ይደብቁት፣ እያንዳንዱ ሰው በራሱ ጆሮ ይምረጥ። የሕይወት ታሪኩንም ከዘፈኑ በኋላ ያድርጉት። ይህን ለማድረግ አንድ ሳንቲም አያስወጣም።

ዕብራይስጥ የማያነቡ ወላጆች ላላችሁ ደግሞ፦ አፑን ቀደም ብላችሁ ስልካቸው ላይ ጫኑላቸው፣ ከእያንዳንዱ ዘፋኝ በፊት መግባት እንደሚያስፈልግ አሳዩዋቸው። የትኛው ጎን ድጋፍ እንደሆነ በቀለም ያዙት፣ ሰማያዊው ነው። ከዚያ ስልኩን ለእነሱ ተዉላቸው። እናንተ አትምረጡላቸው። እናቴ የደገፈቻቸውን ልጆች ስም ይዤ ነበር፣ ገሚሶቹ ሳያልፉ ቀርተዋል፤ ዛሬ ግን ዘፈናቸውን ፈልጌ የምሰማው የእነሱን ነው።