ጃክ ተብላ ገባች፣ ጉርሻ ተብላ ወጣች

ልጽፍ የተቀመጥኩት ስለ አንድ የእንስሳት ክሊኒክ ነው። ግን ስለ ቡችላዋ ሳላወራ ስለ ክሊኒኩ ማውራት አልሆነልኝም፣ ትንሽ ታገሱኝ።

ባለፈው ሰኔ ከካዛንቺስ ወደ ኡራኤል ስወርድ፣ የፈረሰው ሰፈር በቆርቆሮ ከታጠረበት ጎን የሆነ ነገር ሲነጫነጭ ሰማሁ። ዝናቡ ገና ማባራቱ ነው። ሰፈሩ በ2017 ሲፈርስ ሰው ዕቃውን ጭኖ ሄደ፣ ከውሾቹ ግን ብዙዎቹ እዚያው ቀሩ፣ የቀሩትም ይወልዳሉ፣ የተወለዱትም በቆርቆሮው ስር እየሾለኩ አስፋልት ላይ ይወጣሉ። ይቺም አንዷ ናት። ቡናማ፣ ጭቃ በጭቃ፣ አንድ ጆሮዋ ቆሞ አንዱ የወደቀ። እናቷ ትመጣ እንደሆን ብዬ ግማሽ ሰዓት ጠበቅኩ። አልመጣችም። በሻርፔ ጠቅልዬ ቤት ወሰድኳት። ሦስት ቀን አቆይቼ ለሰው እሰጣለሁ ብዬ ነበር። ሁሉም እንደዚያ ይላል አሉ።

አከራዬ እማማ በር ላይ አዩኝ። "ስም እንዳታወጪለት" አሉ። "ስም ካወጣሽለት መቼም ለሰው አትሰጪውም።" እኔ ደግሞ መንገድ ላይ ጃክ ብዬው ጨርሻለሁ። ወንድ መስሎኝ ነው። ሆዱ እንደ ከበሮ ተነፍቶ ስለነበር የምር አላየሁም።

በማግስቱ ተቅማጥ ጀመረ። ጥፋቱ የኔ ነው፣ የላም ወተት ስግተው ነው ያደርኩት። ቡችላ ወተት ይጠጣል አይደል ያደግነው? የላም ወተት ውስጥ ያለውን ስኳር የብዙ ቡችላ ሆድ በደንብ አይፈጨውም፣ ይሄን ያወቅኩት ግን ምንጣፌ ከተበላሸ በኋላ ነው። ወደ ክሊኒክ ለመሄድ በስልክ መኪና ጠራሁ። ሦስት ሹፌር ዘንቢሉን አይቶ ጥሎኝ ሄደ። አራተኛው "እህቴ፣ ድመት ቢሆን እንኳ…" አለኝ። በእግሬ ሄድኩ።

የክሊኒኩን ስም አልጽፍም። ሙገሳም ቅሬታም ስላለኝ፣ በሁለት ቅሬታ የሰው እንጀራ ላይ መቆም አልፈልግም። መሀል ከተማ ነው፣ አንድ ፎቅ ስር፣ ሁለት ክፍል፣ አንድ ዶክተር፣ አንድ ረዳት ልጅ። ከውጭ ሲታይ ፎቶ ኮፒ ቤት ነው የሚመስለው።

ልጁ ካርድ አወጣና "ስም?" አለኝ። ስሜን ነገርኩት። "ያንቺን አይደለም፣ የውሻውን።" ጃክ አልኩ። ጻፈ። ዶክተሯ አንስታ ገለበጠችውና "ጃክ ሴት ናት" አለች። ልጁ ካርዱን አየ፣ እኔን አየ። አልሰረዘውም። "አስቢበትና ሲመጣልሽ እናስተካክላለን" አለኝ። እዚህ ቤት መጀመሪያ የወደድኩት ይሄን ነው። ሌላ ቦታ ደውዬ ስጠይቅ "የመንገድ ውሻ ከሆነ መርፌ ብቻ ውጊው" ነበር የተባልኩት።

ምርመራው አልተቻኮለም። ጥርሷን አየች፤ የወተት ጥርሶቿ ከሞላ ጎደል ወጥተዋል፣ ሰባት ሳምንት ገደማ ይሆናታል አለች። የወተት ጥርስ ሲሞላ 28 ነው፣ አራት ወር አካባቢ መርገፍ ይጀምርና በመጨረሻ 42 ይሆናል፤ ያኔ ጫማሽን ደብቂ ብላኛለች። በሚዛን 2.1 ኪሎ። ሙቀቷ 38.7፣ እኔ ትኩሳት ነው ብዬ ስደነግጥ ለውሻ ጤነኛ ነው አለችኝ።

ክትባት ውጊያት አልኩ። እምቢ አለች። የታመመ ቡችላ አይከተብም፣ መጀመሪያ ተቅማጡ ይቁም፣ የትል መድኃኒት ትውሰድ፣ በሳምንቱ ተመለሺ። ወግታ ብሩን ብትቀበል እኔ ምን አውቃለሁ? ይሄ ትልቅ ነጥብ ነው። ያ የተነፋ ሆድም ጥጋብ አልነበረም፣ ወስፋት ነው። ቡችላ ወስፋቱን ገና እናቱ ሆድ ውስጥ እያለ፣ ቀጥሎም ከጡቷ ያገኘዋል፣ ስለዚህ የመንገድ ሆነ የቪላ ቡችላ ሁሉም ሊኖርበት ይችላል። ወደ ሰውም፣ በተለይ ወደ ሕፃናት ይተላለፋልና እጅ መታጠብ ነው።

ምግብ ላይ ያወራነው ረዘም ይላል፣ ምክንያቱም ከውጭ የሚመጣውን ደረቅ ምግብ በየወሩ መግዛት የኔ ደሞዝ አይችልም። ዶክተሯ አልገፋችኝም። "ሰው ቤት ምን ይበላል ብለሽ አትጀምሪ፣ ስጋ ቤት ምን ይተርፋል ብለሽ ጀምሪ" አለች። ሳንባ። ሁላችንም እንደምናውቀው የአዲስ አበባ ውሻ ያደገው በሳንባ ነው። ግን ስጋ ቤት በር ላይ እንደሚወረወረው ጥሬውን አይደለም። በጥሬ ሳንባና ጉበት ላይ አንዳንዴ ውሃ የቋጠረ ፊኛ የመሰለ ነገር ይታያል፤ ያ የትል እጭ ነው። ውሻው ጥሬውን ሲበላ ሆዱ ውስጥ ትንሽዬ የኮሶ ትል ትሆናለች፣ እንቁላሏ ከዓይነ ምድሩ ወጥቶ በእጅ ወይ ባልታጠበ አትክልት ሰው ሆድ ከገባ ደግሞ ያው ቋጠሮ በሰው ጉበትና ሳንባ ላይ ያድጋል። ከዚያ ቀን ወዲህ ስጋ ቤት በር ላይ ቆሜ አላውቅም፣ በዓይኔ ፊኛ ስፈልግ ካልሆነ። ቋጠሮ ያለበትን መጣል፣ ሌላውን በደንብ ቀቅሎ ከሩዝና ከካሮት ጋር፣ በቀን አራት ጊዜ፣ ትንሽ ትንሽ። በርበሬ የለም፣ ጨው የለም። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት በፍጹም፣ የውሻን ቀይ የደም ሴል ይጎዳሉ። ወጥ ያለ ሽንኩርት የለምና የወጥ ትራፊ ነገር እዚህ ላይ አለቀ። የበሰለ አጥንትም እየተሰነጠቀ አንጀት ይወጋል። ደረቁን ምግብ በለብ ያለ ውሃ እያራስኩላት እንድትለምድ ትንሽዬ ከረጢት ብቻ ሸጠችልኝ።

ቁንጫው ሌላ ጉድ ነው። ጎረቤት ሁሉ በጋዝ እጠቢያት አለኝ። ዶክተሯ ይሄን ስትሰማ ፊቷ ተለወጠ። ቡችላ የተቀባውን ይልሳል፣ ቆዳውም ይመጠዋል፣ በጋዝ የታጠበ ቡችላ በመርዝ ነው የሚሞተው። በለብ ያለ ውሃና በለስላሳ ሳሙና አጥቦ፣ በቅማል ማበጠሪያ አበጥሮ፣ ወዲያው ማድረቅ። ሌሊቱ ሲበርድ በሃይላንድ ሙቅ ውሃ ሞልቶ በፎጣ ጠቅልሎ አጠገቧ ማስተኛት። ይሄ አንድ ብር አላስወጣኝም፣ ማልቀሷንም ያስቆመው እሱ ነው።

አሁን ቅሬታ። በራቸው ላይ 24 ሰዓት የሚል ተለጥፏል። እሑድ ሌሊት ጉርሻ (ያኔ ገና ጃክ ናት) ስፓጌቲ የመሰለ ነገር፣ ያውም የሚንቀሳቀስ፣ አስወጣች። በሕይወቴ እንደዚያ ጮኼ አላውቅም፣ እማማ በነጠላ ሮጠው መጡ። ስደውል ስልኩ ዝግ ነው። አሥር ጊዜ ደወልኩ። ሰኞ ጠዋት በሩ ሳይከፈት ደረስኩ፣ ዶክተሯ ሳቀችና "መድኃኒቱ ሠርቷል ማለት ነው" አለች። እሺ ሠርቷል። ግን ይሄን አርብ ዕለት አንድ ዓረፍተ ነገር ብትነግሪኝ ምን ነበረበት? ሌሊት ካልሠራችሁስ 24 ሰዓት ብሎ መለጠፍ ለምን አስፈለገ? ይሄንኑ ነገርኳት። ይቅርታ ጠየቀች፣ ጽሑፉ ግን ዛሬም እዚያው ነው።

ሁለተኛው ይብሳል። ዶክተሯ ራሷ ክትባቷን ሳትጨርስ መሬት ላይ እንዳታወርጂያት ብላኛለች። ምክንያቱም ፓርቮ የሚባለው፣ ቡችላን ደም እያስቀመጠ በቀናት የሚጨርስ ቫይረስ፣ አፈር ላይ ወራት ይቆያል። ታዲያ መጠበቂያው አንድ አግዳሚ ወንበር ያለው ጠባብ ክፍል ነው፣ የሚያስመልሰውም፣ የሚያስለውም፣ ለክትባት የመጣውም እዚያው ወለል ላይ ይተኛል። ልጁ በበረኪና ያጥባል፣ አይቻለሁ፣ ግን የታመመውንና ጤነኛውን በሰዓት መለየት ይቻል ነበር። እኔ በዘንቢል አቅፌያት ነው የምጠብቀው። እናንተም አታውርዱ። የዋጋ ዝርዝርም ግድግዳ ላይ የለም፣ ሒሳቡን የምትሰሙት መጨረሻ ላይ ነው። የመጀመሪያው ቀን ካርድ፣ ምርመራና የትል መድኃኒት 850 ብር ወጣብኝ።

በሁለተኛው ቀጠሮ ክትባቱ ተሰጣት። ብልቃጡን ከፍሪጅ ስታወጣ አሳየችኝ፣ ማብቂያ ቀኑን አስነበበችኝ፣ ተለጣፊውን ከብልቃጡ ልጣ ካርዱ ላይ ለጠፈችው። መብራት ሲጠፋስ አልኳት፤ ጄኔሬተር አለ አለች፣ ድምፁንም ሰምቻለሁ። ከዚያ በየሦስትና አራት ሳምንቱ እስከ አራት ወር ድረስ ይደገማል። የእብድ ውሻው ሦስት ወር ሲሞላት ነው። በጨዋታ መሀል እጄን ቧጭራኝ እንደነበር ስነግራት ግን ጨዋታው ቆመ። ስታቀብጪያት የቧጨረችሽም ቢሆን ከመንገድ የመጣች ናት፣ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ ማጠብ ነበረብሽ፣ አሁንም ጤና ጣቢያ ሂጂ አለችኝ። በሽታው ምልክት ካሳየ በኋላ መዳን የለም ማለት ይቻላል። ሄድኩ። እማማ "ድሮ ቢሆን ፓስተር ነበር የምትላኪው፣ መርፌው ሆድ ላይ ነው" እያሉ ሲያስፈራሩኝ አመሹ።

ስሙ የተገኘው እዚያ ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። ሰው ሁሉ ሐሳብ አለው። ዘበኛው ኮሪደር በያት አለ፣ ከየት እንደመጣች ሲሰማ። ቡቺ እንዳልል፣ ሰፈራችን ውስጥ ቡቺ ብሎ የጠራ ሰው ስድስት ውሻ ነው የሚመጣበት። አንድ አዛውንት፣ ያረጀ ትልቅ ውሻ ይዘው የመጡ፣ የጃንሆይ ትንሽዬ ውሻ ሉሉ ይባል እንደነበር አስታወሱን። ቀጥለው ወደ ፈረስ ስም ገቡ፤ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ጌታው በፈረሱ ስም ይጠራ ነበር፣ እኛ ግን ለውሻ የፈረንጅ ስም እንለጥፋለን አሉ። ጃክ የሚለው ካርድ እጄ ላይ ነው፣ ሸሸግኩት። ዶክተሯ ደግሞ ለራሷ ለውሻዋ አስቢላት አለች፦ አጭር ይሁን፣ ሁለት ሦስት ድምፅ፣ ከ"ነይ" እና ከ"ተይ" ጋር የማይምታታ፣ ስትቆጫትም በስሟ አትቆጫት፣ ስሟን ስትሰማ መሸሽ ትለምዳለች።

እና ቡችላዋ በዚያ ሳምንት ከሳህን አልበላ ብላ ከእጄ ብቻ ነበር የምትበላው። የተቀቀለ ሳንባ በጣቴ፣ አንድ በአንድ። ጉርሻ።

"ጉርሻ!" ብዬ ጮክ ብዬ ሞከርኩት። ጆሮዋን አቆመች፣ የቆመውን አንዱን ማለቴ ነው። ረዳቱ ልጅም ከጓዳ ብቅ አለ። "ለኔ ነው?" አለኝ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ካርዷ ላይ ጃክ ተሰርዞ ጉርሻ ተጽፏል፣ እኔም ልጁን ባዶ እጁን ትቼው መውጣት አልቻልኩም።

ነጥብ ከጠየቃችሁኝ፣ ለሕክምናው ከአምስት አምስት፣ ለመጠበቂያው ክፍል ሁለት፣ ለስልኩ ዜሮ። ሌላ ቦታ ግን አልወስዳትም። እማማ ለሰው መስጠቱ ምን ደረሰ ብለው መጠየቅ ካቆሙ ቆዩ፣ ሳንባውን አሁን እሳቸው ናቸው የሚቀቅሉላት።

ቀጣዩ ቀጠሮ ነሐሴ 5 ነው፣ የእብድ ውሻው ክትባት። አሁን አምስት ኪሎ አልፋለች፣ በክረምት ዝናብ በዘንቢል ይዤ በእግር የምሄድበት ጊዜ አልፏል። ውሻ የሚጭን ሹፌር የምታውቁ ካላችሁ ጻፉልኝ።