ሸዋ በር ያለችው ጸጉር ቤት፣ አሁን በታናሽየው እጅ

ስለዚች ቤት ልጻፍ ካልኩ ዓመት አለፈኝ። ጀምሬ እተወዋለሁ። ስለ ቤቷ ልጽፍ ስል ስለ ቆራጩ ልጅ ይሆንብኛል፣ ልጁ ደግሞ የለም። ባለፈው ሳምንት ተቆርጬ ስወጣ አንድ የማላውቀው ሰው በሩ ላይ "እዚህ ጥሩ ይቆርጣሉ?" ብሎ ቢጠይቀኝ ተንተባተብኩ። እንግዲህ መልሱ ይኸው።

ቤቷ ደሴ፣ ሸዋ በር አካባቢ ናት። ስም የላትም። በሩ ላይ "የወንዶች ጸጉር ቤት" ይላል፣ እሱም ቀለሙ ግማሹ ለቋል። ወንበሯ ሁለት ነው። አንድ አግዳሚ አለ፣ ለአራት ሰው የተሠራ፣ ስድስት የሚቀመጥበት።

እውነቱን ልናገርና፣ ሟቹ ጎበዝ ቆራጭ አልነበረም። ሰው ሲሞት ሁሉ ነገር ላይ ጎበዝ ይደረጋል፤ እኔ እንደዚያ ብል ግን መጀመሪያ የሚስቅብኝ እሱ ነበር። ከጎን ሲያሳጥር አንዱ ጆሮ ጋ ከፍ፣ አንዱ ጋ ዝቅ ይልበታል። ለእህቴ ልጅ ሠርግ እሱ ጋ ተቆርጬ፣ ፎቶው ላይ ጭንቅላቴ ያዘመመ መስሎ ወጥቷል። ቀርፋፋም ነው። አንድ ራስ ሃምሳ ደቂቃ ይፈጅበታል፣ ግማሹ ወሬ ነው፣ ለዚያውም እሱ ጠያቂ፣ አንተ ተናጋሪ። እናትህ እንዴት ናቸው፣ ያ የወገብ ነገር ተሻላቸው ወይ፣ የመሬቱ ጉዳይ የት ደረሰ። ባለፈው ወር የነገርከውን ምንም አይረሳም።

ግን ማንም ጥሎት አይሄድም ነበር።

ደሴን የሚያውቅ ብርዷን ያውቃል። ጠዋት ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ መንገዱን ሲሞላው፣ በዚያ ሰዓት እርጥብ ፎጣ አንገትህ ላይ ሲያርፍ ነፍስህ ልትወጣ ነው። እሱ ሙቅ ውሃ በፔርሙስ ከቤቱ ይዞ ይመጣል። ፎጣውን ይነክራል፣ ይጨምቃል፣ ከዚያ አንተ ጋ ከማድረሱ በፊት የራሱ ክንድ ላይ ያስነካዋል። በዛ ካለ ሁለቴ አራግፎ ያበርደዋል። ማሽኑን ስፒሪት ያርከፈክፍበትና እሳት ይለኩስበታል፣ ሰማያዊው ነበልባል ራሱ እስኪጠፋ ቆሞ ያየዋል፣ እፍ አይልም። መጨረሻ ላይ ጥጡ አንገትህን ሲፈጅህ "አብሽር ጋሼ፣ አለፈ" ይልሃል። "አለፈ" የሚለው ሁሌ ሳያልፍ ነው።

አባቴ አልጋ ከያዘ ወዲህ ቤት እየመጣ ይላጨው ነበር። ዕቃውን በጥቁር ፌስታል ጠቅልሎ ዳገቱን በእግሩ ይወጣል። ጎንበስ ብሎ "አባባ፣ እንዴት አደሩ" ይላል፣ ትራሱን ያስተካክላል፣ የአባቴን አገጭ በሁለት ጣት ቀና አድርጎ ይይዝና ያችን ጉንጭ ውስጥ የገባች ቆዳ ወጠር አድርጎ በምላጭ ያልፍባታል። እዚህ ላይ እጁ አይንቀጠቀጥም፣ አይጣደፍም። እኛ ልጆቹ እንደዚያ ይዘነው አናውቅም። ገንዘብ ስሰጠው "አባባ መርቀውኝ የለ? ተከፍሎኛል" ብሎ ይወጣል። ወሎ ላይ ምርቃት እንደ ክፍያ ይቆጠራል፣ እሺ፣ ግን ልጁ የቤት ኪራይ ነበረበት። አባቴ "ዕድሜህ ይርዘም" ብሎ ነበር የሚመርቀው። አባቴ 84 ዓመቱ ነው፣ ዛሬም አለ።

በ2013 ክረምትና በ2014 መግቢያ ከሰሜን ወሎ የተፈናቀለው ሕዝብ የደሴን ትምህርት ቤቶች ሲሞላ ማሽኑን ይዞ እየሄደ ሕፃናቱን ሲላጭ ይውል ነበር። ጥቅምት ላይ ከተማዋ ራሷ ስትያዝ መብራት የለ፣ ደንበኛ የለ፣ በሩ ላይ ወንበር አውጥቶ በመቀስ ይቆርጥ እንደነበር የነገሩኝ ጎረቤቶቹ ናቸው። እሱ ስለዚያ ጊዜ አያወራም።

የሊስትሮዎቹ ነገር ግን የጉድ ነው። የበዓል ዋዜማ፣ አረፋም ይሁን እንቁጣጣሽ፣ ሳጥናቸውን በር ላይ ደርድረው ይገባሉ። አንድ በአንድ ይቆርጣቸዋል። ሊከፍሉ እጃቸውን ኪሳቸው ሲከቱ "አንድ ሰውዬ ለሁላችሁም ከፍሏል፣ ስሜን እንዳትናገር ብሎኛል" ይላቸዋል። እኔም አምኜ ነበር! ሦስት ዓመት ሙሉ ሰውዬው ማነው እያልኩ ሳስብ፣ በመጨረሻ አንድ የእህል ነጋዴ ጠርጥሬ፣ መንገድ ላይ ባገኘሁት ቁጥር ከወገቤ ጎንበስ ብዬ ሰላም እለው ጀመር። ሰውየው ምን አስቦኝ እንደሆነ እንጃ።

ባለፈው ዓመት ከአረፋ በኋላ ታመመ። ሦስት ሳምንት አልሞላም። 27 ዓመቱ ነበር። ቅሬው፣ የወሎ እድሩ፣ ወጣ፣ ያው ወሎ ነው፣ የመስጊዱም የቤተ ክርስቲያኑም ሰው አንድ ላይ ተሸከመው። የዚያን ቀን አካባቢው ላይ ጫማ የሚጠርግ አልነበረም።

ሱቋ ሁለት ወር ተዘጋች። ከዚያ ታናሽ ወንድሙ ከፈታት። ስለ ሥራው ከጠየቃችሁኝ፣ ታናሽየው ይበልጣል። እጁ ፈጣን ነው፣ ሃያ አምስት ደቂቃ ይበቃዋል፣ ሁለቱ ጆሮ ጋ እኩል ይመጣል። ወጣቶቹ የሚወዱትን ከታች እየሳሳ የሚሄደውን አቆራረጥ አሳምሮ ይችላል። ዋጋው ለአዋቂ 100 ብር፣ ለሕፃን 70 ነው። ቴሌብር ይቀበላል። አርብ በጁምዓ ሰዓት ይዘጋል፣ ቅዳሜ ከሰዓት አትሂዱ፣ ወረፋው ያማርራል። መስታወቱ ጥጉ ላይ ተሰንጥቋል፣ ይቀየር ብዬው "እሺ" ብሏል፣ አልቀየረውም። ዝምተኛ ነው። መጀመሪያ ሰሞን ዝምታው ይከብደኝ ነበር፣ ወንበሩ ላይ ተቀምጬ ማንም ስለ እናቴ ወገብ የማይጠይቀኝ ሆኜ።

አባቴ መርዶውን ሲሰማ ምንም አላለም። ጺሙን በመዳፉ ይዳብሳል። ከዚያ ወዲህ ምላጭ አላስነካ አለን፣ ጺሙ ደረቱ ላይ ደረሰ። አንድ እሁድ በሩ ተንኳኳ፣ ታናሽየው ነው፣ ያንኑ ፌስታል ይዞ። እኔ አልጠራሁትም። አባቴ ብዙ አየውና አገጩን ራሱ ቀና አደረገ።

"ሰውዬው" የሚባል እንደሌለ የነገረኝም ታናሽየው ነው። ወንድሙ ከራሱ ገቢ እየቀነሰ እንደነበር የቤቱ ሰው ሁሉ ያውቃል፣ ያላወቅነው እኛና ሊስትሮዎቹ ብቻ ነን። ዘንድሮ የአረፋ ዋዜማ አግዳሚው ላይ ተራ እየጠበቅሁ ልጆቹ መጥተው በር ላይ ቆሙ። አይገቡም። ትንሹ ነው የጠየቀው፣ "ያ ሰውዬ ዘንድሮም ከፍሏል እንዴ?"

ታናሽየው ማሽኑን አጠፋ። ጀርባውን ነው የማየው፣ ፊቱን አላየሁም። "ጠዋት መጥቶ ነበር" አለ። "ግቡ።"

የቀረው ፔርሙሱ ነው። አሁንም አለ፣ ክዳኑ ጠፍቶ በጨርቅ ተወትፏል። ታናሽየው ፎጣውን ክንዱ ላይ አይሞክርም፣ ይህን ማንም አልነገረው ይሆናል። ባለፈው ሳምንት ትኩሱን እንዳለ አንገቴ ላይ ቢያሳርፈው ከወንበሩ ዘለልኩ። ልጁ ደንግጦ "ውይ ጋሼ፣ ይቅርታ፣ አቃጠልኩዎት?" አለኝ።

"አብሽር፣ አለፈ" አልኩት። ገና እየፈጀኝ ነበር።